ማዘዣ ይዛችሁ መድኃኒት ቤት ከመግባታችሁ በፊት

ባለፈው መስከረም፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ አክስቴ ጎንደር ፒያሳ ድረስ ጠራችኝ። ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። በአንድ እጇ የታጠፈ ማዘዣ፣ በሌላው የተጠቀለለ ካላንደር ይዛለች።

"እንካ እስቲ አንብበው። ለጨጓራ ይሄን ያህል ብር ነው?" አለችኝ።

ማዘዣው ላይ ሦስት መስመር አለ። አንደኛው የጨጓራ እንክብል፣ በፋብሪካ ስሙ ብቻ የተጻፈ። ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ሁለተኛው የሚጠጣ የቃር ሽሮፕ። ሦስተኛው "ኃይል ይሰጣል" የተባለ ቫይታሚን።

"ዶክተሩ ‹እማማ፣ ይሄንኑ ይግዙ፣ ሌላ እንዳይሰጥዎት› ብሎኛል" አለች።

የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ካላንደሩ ላይ ነው። ክሊኒኩ ለአዲስ ዓመት በነጻ የሰጣት ነው። ፈታ አድርጌ አየሁት። አናቱ ላይ በትልቁ የዚያው የጨጓራ መድኃኒት ስም ታትሟል። እንዲህ ያለውን ካላንደር እኔም በካርቶን በካርቶን አድያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ቦርሳ ተሸክሜ የዞርኩ ሪፕ ነበርኩ።

ለማታውቁት፣ ሪፕ ማለት ሜዲካል ሪፕረዘንታቲቭ ነው። አስመጪ ወይም ፋብሪካ ይቀጥረዋል። በየክሊኒኩና በየሆስፒታሉ እየዞረ መድኃኒቱን ለሐኪሞች ያስተዋውቃል። ብዙዎቻችን በሙያችን ፋርማሲስቶች ነን። እንጀራ ነው።

ይህ መመሪያ ማዘዣ ለያዘ ሰው ነው። ከሐኪም ጋር ለመጣላት አይደለም። መድኃኒት ለማቋረጥም አይደለም። የታዘዘላችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። መክፈል የሌለባችሁን ላለመክፈል ግን የምትጠይቁት ነገር አለ።

መጀመሪያ፦ ቦርሳው ውስጥ ያለውን እወቁ

የሪፕ ቀን በመጠበቅ ይጀምራል። ሐኪሙ ታካሚ እስኪጨርስ ኮሪደር ላይ ከታካሚዎቹ ጋር ትቀመጣለህ። እናቶች ተራ ያዥ እየመሰልኳቸው "አንተስ ልጄ፣ ምንህን ነው?" ይሉኝ ነበር። ምን እላለሁ? "ደኅና ነኝ እማማ፣ ለሥራ ነው።"

ከዚያ በሩ ሲከፈት፣ "ዶክተር፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ።"

በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሪ ወረቀቱ ይዘረጋል። ከማስታውሳቸው አንዱ ላይ ሁለት ባር ያለው ግራፍ ነበረ። የእኛው መድኃኒት 95፣ የሌላው 92። ግራፉ ግን የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ90 ነው። ስለዚህ የእኛ ባር የሌላውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ረዝሞ ይታያል። ቁጥሩ አልዋሸም። ሥዕሉ ነው የዋሸው። ይህን ያስተዋልኩት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እስከዚያ እኔም አምኜበት ነበር።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ እስክሪብቶ፣ አጀንዳ፣ ካላንደር ይወጣል። ሳምፕል ይወጣል። አንዳንዴ "የሙያ ማሻሻያ" የሚባል ምሽት ሆቴል ውስጥ ይዘጋጃል፤ ግማሽ ሰዓት ስላይድ፣ ሁለት ሰዓት እራት።

ቀጥሎ ትይዩ ወዳለው መድኃኒት ቤት ትሻገራለህ። "ሰሞኑን ስንት ወጣ?" ትላለህ። ከመደርደሪያው ላይ ትቆጥራለህ። ትንሽ ከሆነ ተመልሰህ ሐኪሙ ጋ ትገባና በፈገግታ፣ "ዶክተር፣ ረሱን እንዴ?" ትላለህ። በቃ ይቺ ናት። ማንም ጉቦ አልተባለም። ማንም ሕግ አልጠቀሰም። ሰውየው ግን ይሉኝታ ይይዘዋል። እኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ ከገንዘብ ይበልጣል።

ለመድኃኒት ቤቱ ያለው ማባበያ ሌላ ነው። "አሥር ካርቶን ሲወስዱ አንድ በነጻ።" ቦነስ ይባላል። ከዚያ በኋላ ባለመድኃኒት ቤቱ እጁ ቶሎ የሚዘረጋው ወደየትኛው መደርደሪያ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

"እስክሪብቶና እራት የሐኪምን አእምሮ ይቀይራል እንዴ?" የሚለኝ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ አይቶ ነበር። ከኩባንያ አንድ ምግብ ብቻ የተጋበዙ ሐኪሞች፣ ያልተጋበዙት ካዘዙት በበለጠ የጋባዡን መድኃኒት አዝዘው ተገኙ። የምግቡ አማካይ ዋጋ ከ20 ዶላር በታች ነበር። ጥናቱ ምግቡ ነው ምክንያቱ ብሎ አልፈረደም፤ አብረው መሄዳቸውን ነው ያሳየው። ግን ኩባንያዎች ካልጠቀማቸው ዓመት ከዓመት ምሳ አይጋብዙም።

ትልቁ ጥፋት ደግሞ በፍርድ ቤት የተዘጋ ነው። ፐርዱ ፋርማ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ በ1996 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አወጣ። ሪፖቹ ለሐኪም የሚናገሩት "ሱስ የማስያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው" የሚል ነበር። በ2007 ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ 600 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2020 ደግሞ በሌላ ክስ ጥፋተኛነቱን በድጋሚ አመነ። ግላክሶ ስሚዝ ክላይን የተባለው የእንግሊዝ መድኃኒት ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. መድኃኒቶቹን ላልተፈቀደላቸው ጥቅም በማስተዋወቅና በሌሎችም ጥፋቶች አሜሪካ ውስጥ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቻይና ውስጥ በሐኪም ጉቦ 3 ቢሊዮን ዩዋን ተቀጣ። የእኔ ቦርሳ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። መንገዱ ግን ያው ነው።

1. ሐኪሙ ፊት ሳላችሁ

ከሁሉ የሚቀለው እዚህ ነው። ሰዉ ግን እዚህ ላይ ነው አፉ የሚያያዝ። "ለሐኪም ምን ብዬ?" ይላል። ጎንደሬ ነገር አዙሮ መጠየቅ ያውቅበታል፤ ተጠቀሙበት። "ለምን ውዱን አዘዝክብኝ?" አትበሉ። እንዲህ በሉ፦

"ዶክተር፣ ይሄ ባይገኝ ምን ብዬ ልጠይቅ?"

በዚች ጥያቄ ማንም አይቀየምም። መድኃኒት መጥፋቱን ሐኪሙም ያውቃል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒቱ ዋና ስም፣ ማለትም ጀነሪክ ስሙ ነው። ያንን አጽፉት። በራሱ እጅ፣ እዚያው ማዘዣ ላይ። በኋላ መድኃኒት ቤት ስትደርሱ የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛዋ ጥያቄ ለመጨረሻው መስመር ናት። "ይቺኛዋ የግድ ናት? ባልወስዳት ምን ይመጣል?" ቫይታሚን፣ "የጉበት ማጠናከሪያ"፣ "የምግብ ፍላጎት" የሚባሉት ብዙ ጊዜ ከማዘዣው ግርጌ ነው የሚቀመጡት። እርጉዝ ሴት አይረንና ፎሊክ አሲድ ሲታዘዝላት የግድ ነው፤ እሱን አትንኩ። ቲቢ ታማሚም ከመድኃኒቱ ጋር ቢ6 ሲሰጠው ምክንያት አለው። እንዲያው በደፈናው "ለኃይል" ከተባለ ግን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ብዙ ሐኪም "ከከበደዎት ይተዉት" ይላል። በአንድ ቃል የሦስተኛው መስመር ወጪ ቀረ ማለት ነው።

ሐኪሙ ቸኩሎ ከሆነስ? ካርድ ይዛችሁ ስትወጡ ነርሷን ጠይቁ። እሷም ካልቻለች ፋርማሲስቱ አለ።

2. ማዘዣውን በሩ ላይ አንብቡት

ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የተቋሙ ማኅተም አለ? ስማችሁና ዕድሜያችሁ ትክክል ነው? በሽታው ተጽፏል? የመድኃኒቱ መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚለው ይነበባል?

ከዚያ እነዚህን ምልክቶች ፈልጉ። ዋናው ስም የለም፣ የፋብሪካ ስም ብቻ ነው። ስሙ ተሰምሮበታል፣ ወይም ጎኑ ላይ "ይሄው ብቻ" ተብሏል። ወይም በአፍ "እከሌ መድኃኒት ቤት ነው የምታገኙት" ተብላችኋል። አንዱ መኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሐኪሙ በእርግጥ በዚያ መድኃኒት የተሻለ ውጤት አይቶ ይሆናል። ሦስቱም ከተገናኙና ግድግዳው ላይ ያው ስም ያለበት ካላንደር ከተሰቀለ ግን፣ እንግዲህ እኔ ምን ልበላችሁ።

ማዘዣውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መድኃኒት ቤት ወረቀቱን ሊያስቀረው ይችላል።

3. ትንሿን ስም ፈልጉ

ማንኛውንም የመድኃኒት ካርቶን አንሱ። ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለው። አንዱ በትልቁ፣ በቀለም፣ ለዓይን እንዲማርክ የተጻፈ ነው። ይህ የፋብሪካው የንግድ ስም ነው። ሁለተኛው ከሥሩ በቀጭን ፊደል ይቀመጣል። አንዳንዴ መነጽር ይፈልጋል። እሱ ነው መድኃኒቱ። ቀጥሎ ቁጥር አለ፤ ሚሊግራሙ ነው።

ፓናዶል ትልቁ ስም ነው፤ ትንሿ ስም ፓራሲታሞል ናት። ኦግመንቲን ትልቁ ነው፤ ትንሿ አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ ናት። ትንሿ ስም፣ ሚሊግራሙና ዓይነቱ (እንክብል፣ ሽሮፕ፣ መርፌ) አንድ ከሆኑ፣ የሚለየው ያመረተው ፋብሪካና ዋጋው ነው። ተመዝግቦ የገባ ጀነሪክ መድኃኒት (ሌላ ፋብሪካ ያንኑ መድኃኒት የሠራው ማለት ነው) ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ መሆኑን ማሳየት አለበት።

ፋርማሲ ያልተማረ ሰው ሊይዛት የምትችል ዘዴ ላካፍላችሁ። የስሞቹን ጭራ እዩ። በ"ፕራዞል" የሚያልቁት በብዛት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ ናቸው፦ ኦሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል። በ"ፕሪል"ና በ"ሳርታን" የሚያልቁት በብዛት ለደም ግፊት ናቸው። በ"ስታቲን" የሚያልቁት ለኮሌስትሮል፦ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን። (ኒስታቲን ግን የፈንገስ ነው፤ እንዳታደናግራችሁ።) ጭራቸው አንድ የሆኑ መድኃኒቶች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ልጆቹ ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሳችሁ አትዝለሉ። ጥያቄ ለመጠየቅ ግን በቂ ናት።

የአክስቴ ካርቶን ትንሿ ስም ኢሶሜፕራዞል ሆና ተገኘች። ይህ ስም የራሱ ታሪክ አለው፤ የመድኃኒት ገበያ እንዴት እንደሚያስብ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አስትራዜኔካ የኦሜፕራዞል ባለቤት ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ ሊያበቃ ሆነ። መብቱ ካበቃ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ነው። ዋጋው ይወርዳል። በዚያው ዓመት ኩባንያው ኔክሲየምን ይዞ ብቅ አለ። ኔክሲየም ኢሶሜፕራዞል ነው። ኢሶሜፕራዞል ምንድን ነው? ኦሜፕራዞል ውስጥ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎች አሉ። አንደኛውን ብቻ ለይተው አዲስ ስም ሰጡት። ለማስተዋወቂያ ከዋሉት ዋና ዋና ጥናቶች ብዙዎቹ የአዲሱን 40 ሚሊግራም ከአሮጌው 20 ሚሊግራም ጋር ያወዳደሩ ነበሩ። ሙሉ እንጀራ የበላን ግማሽ ከበላ ጋር አቁሞ "ማን ጠገበ?" እንደማለት ነው።

መጥፎ መድኃኒት ነው አላልኩም። ይሠራል። ለብዙ ሰው ጨጓራ ግን አሮጌው ወንድሙ በቂ ነው።

ሌላው ማታለያ "ሁለት በአንድ" ነው። ሁለት የቆዩ መድኃኒቶችን አንድ እንክብል ውስጥ ከትተው አዲስ ስም ያወጡለታል። ለግፊትና ለቲቢ ጥሩ ነው፤ ታካሚው የሚውጠው ፍሬ ይቀንስለታል። ለጉንፋንና ለሕመም ማስታገሻ ሲሆን ግን ትንንሾቹን ስሞች ቁጠሩ። ፓራሲታሞል ያለበት የጉንፋን መድኃኒት እየወሰዳችሁ ሌላ ፓራሲታሞል ከጨመራችሁ ጉበታችሁ ነው የሚከፍለው።

መቀየር የሌለበት ጊዜ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ርካሽ ፍለጋ የሚጎዳበት ቦታ አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች። እነዚህ ላይ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ነገር ያመጣል። በአንዱ ፋብሪካ ተረጋግታችሁ ከሆነ ያለ ሐኪም ወደ ሌላው አትሂዱ። የአስም መንፊያም እንዲሁ፤ መሣሪያው ከተለየ አወሳሰዱም ይለያል።

ደግሞም ርካሽ ሁሉ ጀነሪክ አይደለም። በጓሮ የገባ፣ ማሸጊያው የተላጠ፣ የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን የሌለው ነገር በነጻም ቢሰጣችሁ አትውሰዱት። መተማ መንገድ ላይ በሻንጣ ሲሸጥ ያየሁት አለ።

4. በዚህ ቅደም ተከተል ግዙ

መጀመሪያ እዚያው የታከማችሁበት መንግሥታዊ ተቋም፣ ጤና ጣቢያውም ሆነ ሆስፒታሉ። "የለም" ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ብዙ ጊዜ የለም የሚባለው የፋብሪካ ስሙ ነው። በትንሿ ስም ድጋሚ ጠይቁ። ጤና መድን ያላችሁ በተለይ፤ ግቢው ውስጥ ያለውን ትታችሁ ውጭ ከኪሳችሁ መክፈል ያበሳጫል።

ከዚያ ውጭ። ከሆስፒታል በር ፊት ለፊት ያለው የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት የግድ የመጨረሻው አይደለም። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። አጠያየቁ እንዲህ ነው፦ ማዘዣውን ከማሳየታችሁ በፊት "ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም የየትኛው የየትኛው አገር አላችሁ? በስንት በስንት ነው?" በሉ። "አለ?" ብቻ ካላችሁ የሚወጣላችሁ ሰውየው ሊያወጣው የፈለገው ነው። "በስንት በስንት" ካላችሁ ግን ሁሉንም መደርደር ግድ ይለዋል።

"ይሄኛው ኦሪጅናል ነው" የሚል ቃል ትሰማላችሁ። ኦሪጅናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁት። አንዳንዱ መጀመሪያ ያገኘውን ፋብሪካ ማለቱ ነው። አንዳንዱ የአውሮፓ ማለቱ ነው። አንዳንዱ ውዱን ማለቱ ነው።

ደረሰኝ ተቀበሉ። የመድኃኒቱ ስምና ዋጋ በየመስመሩ ይጻፍበት። ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ያለበት ወረቀት ለቅሬታም ለመድንም አይጠቅምም።

ጎንደር ደግሞ አንድ ጥቅም አላት። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። በየእድሩ አንድ ነርስ፣ በየሰፈሩ አንድ ፋርማሲስት አይጠፋም። ፎቶውን ልካችሁ "አያ፣ ይሄ በሌላ ስም ምን ይባላል?" ማለት ነውር የለውም። እኔ ራሴ ማታ ማታ ስልኬ በማዘዣ ፎቶ ነው የሚሞላው።

5. በቀጥታ ወደ እናንተ የሚመጣውን ማስታወቂያ

በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ እኛ አገር ክልክል ነው። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ስሙን ጠርቶ "ኢንቦክስ አድርጉ" የሚል ሰው ካያችሁ፣ ከመጀመሪያውም ሕጉን ጥሶ ነው የተነሳው። ከእሱ ጥራት መጠበቅ ዘበት ነው።

ቅዳሜ ገበያ በሞንታርቦ የሚጮኸውም ያው ነው። "ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፣ ግፊትን ያጠፋል፣ ኪንታሮትን ያደርቃል።" አንድ ነገር ይህን ሁሉ የሚያደርግ ከሆነ ሆስፒታል ባልተሠራ። "ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም" የሚለውም አያሳምንም፤ ኮሶም ተፈጥሯዊ ነበር፣ አያቶቻችን ሲጠጡት ምን እንደሚሆኑ ጠይቁ።

ረቀቅ ያለው ማስታወቂያ ግን በመቶኛ ይመጣል። "አደጋውን በ50 በመቶ ይቀንሳል።" ወዲያው "ከስንት ወደ ስንት?" በሉ። 100 አባል ያለው እድር አስቡ። መድኃኒቱን ካልወሰዱ በአምስት ዓመት ውስጥ 2 ሰው ስትሮክ ይመታቸዋል እንበል። ሲወስዱ 1 ሰው። ከ2 ወደ 1 በእርግጥም ግማሽ ነው። ግን 100 ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ከፍሎና ውጦ አንድ ሰው ነው የዳነው። መውሰድ ሊገባ ይችላል፤ በተለይ የእናንተ አደጋ ከፍ ያለ ከሆነ። ውሳኔው ግን "50 በመቶ" ስትሰሙና "ከ100 አንድ" ስትሰሙ እኩል አይደለም። እኔ ለሐኪሞች ሳቀርብ ጥቅሙን በመቶኛ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን በ"ከ100 አንድ" ነበር የምናገረው። እንዲያ ብለው ነው ያሠለጠኑኝ።

የሕፃናት ዱቄት ወተትም ከዚሁ ወገን ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. የእናት ጡት ወተት ምትክ እንዴት መሸጥ እንዳለበት ደንብ አውጥቷል። ለእናቶች ናሙና ማደልን ይከለክላል። ከማዋለጃ ክፍል በነጻ ቆርቆሮ ከተሰጣችሁ፣ ቆርቆሮው ሲያልቅ ጡቱም ሊደርቅ እንደሚችል አስቡ።

6. ባለሙያ ለሆናችሁ

ይህን የምታነቡ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ግማሾቻችሁን ኮሪደር ላይ ጠብቄያችኋለሁ። ሪፕ ሲመጣ አታባርሩት። አንዳንዱ ጠቃሚ መረጃ ይዞ ይመጣል። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት፦ "ከምን ጋር ነው ያወዳደራችሁት? በስንት ሚሊግራም? ሙሉ ጥናቱን ይዘሃል?" ስትጠይቁኝ ላብ ያጠመቀኝ ሁለተኛው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመድኃኒት ማስተዋወቅ የሥነ ምግባር መስፈርት ሪፕ ለሚያዝዝም ለሚያድልም ማባበያ እንዳይሰጥ ይላል። የሪፕ ክፍያ ዋናው ክፍል ከሽያጩ ብዛት ጋር በቀጥታ እንዳይያያዝም ይላል። እኔ በሠራሁበት ቤት የሽያጭ ታርጌት ካልሞላህ የወሩ ግማሽ ገቢህ ይቀር ነበር። መስፈርቱን ያነበብኩት ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው።

ካላንደሩን ከፈለጋችሁ ቤታችሁ ስቀሉት። ታካሚ ፊት ግን አይሁን።

7. ቅሬታ ካላችሁ

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ነጻ የስልክ መስመር አለው። ያለ ማዘዣ የተሸጠ፣ በማስታወቂያ የተለቀቀ፣ ሐሰተኛ የመሰለ መድኃኒት ሲገጥማችሁ፣ ያልተጠበቀ የጎንዮሽ ጉዳት ሲደርስባችሁም ጭምር፣ ደውሉ። ከመደወላችሁ በፊት ካርቶኑን አትጣሉ። የምርት ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የአምራቹን ስም ፎቶ አንሱ። ደረሰኙን አስቀምጡ። የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። በአካል መሄድ ከመረጣችሁ የከተማው ጤና መምሪያ አለ።

አክስቴ ጋ ልመለስ። የገባንበት መድኃኒት ቤት ያለችው ፋርማሲስት ወጣት ናት። "እህቴ፣ ይሄ ባይገኝ ምን ይሆናል?" አልኳት። ማዘዣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቀች። ስልኳን አንስታ ለሐኪሙ ደወለችለት። ሐኪሙ ሳያንገራግር "ኦሜፕራዞል ይሁንላቸው፣ ቫይታሚኑንም ይተዉት" አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ። በመጀመሪያው ካርቶን ዋጋ ከአዲሱ አምስት ይገዛ ነበር።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ካላንደሩን ልትጥለው አነሳች። አስጣልኳት። ጀርባው ነጭ ነው፣ ወረቀቱም ወፍራም። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ትንንሽ ስም፣ ሚሊግራማቸውንና የምትወስድበትን ሰዓት በትልልቅ ፊደል ጽፌ ጀርባውን ወደ ፊት አዙሬ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። በእናንተም ቤት ካለ እንዲሁ አድርጉት።